ያልተነሣ እጅ

አዲስ ገቢ ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የስድስት ኪሎን በር ሲያልፍ፣ ግቢው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረና ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲ እንዳበረከቱት የሚነግረው አያጣም። ስለ ዝምታ ግን የሚያስጠነቅቀው የለም።

መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ተማሪው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያስባል። ያልገባውን ሁሉ ከሃንድአውት ላይ ቃል በቃል ይሸመድዳል። ለመጠየቅ ይቃጣና «እንግሊዝኛዬ ተሰባብሮ ቢሥቁብኝስ» ብሎ እጁን መልሶ ያወርዳል። የሚሥቁትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ያልገባቸው ናቸው! ከወረዳው አንደኛ ወጥቶ፣ ተመርቆ የተሸኘ ልጅ በመንፈቁ መጨረሻ ስሙን ከተሰናባቾች ተርታ ተለጥፎ ሲያገኝ፣ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚደውል ማሰብ ራሱ ይከብዳል። እንዲህ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ አንዳንዱ ስድስት ወር ሙሉ ያፈረ ነው።

ማታ በዶርም የዋለበትን ትምህርት ለአልጋ ጎረቤቱ በገዛ ቋንቋው ያስረዳው። ምላሱ የተያዘበት ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። ጎረቤቱ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ አንዱን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ለመፈተሽ ይገደዳልና። ከአገር ልጅ ጋር ብቻ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ይቀናል፣ ይሞቃልም፤ ይህ ዕድል ግን በዚያ አይገኝም።

ከዚያ በማግሥቱ ወደ መምህሩ ቢሮ ይሂድ። አንደበቱን ካልታመነው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ሦስት መስመር ይበቃል።