ውሃ መጀመሪያ፣ ዘይት በኋላ

እኛ እህትማማቾች ጠመንጃ ተኩሰን አናውቅም። ውሃ ግን አፍልተናል። ዳንግላ ላደገ ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ለሌላችሁ እናስረዳ።

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዝናቧ ከግንቦት ይጀምርና መስቀል ካለፈ በኋላም ቶሎ አይለቅም። እንዲህ ባለ አገር ብረት ሁሉ ይዝጋል። ማረሻው፣ ቆርቆሮው፣ የአያታችን ምንሽርም። ታዲያ ሰርግ ወይም የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ተተኩሶ የዋለ እንደሆነ፣ አባባ ጠመንጃውን ሳይወለውሉ አይተኙም ነበር። የእኛ ድርሻ ውሃ ማፍላት፣ አሮጌ ነጠላ መቅደድና ባትሪ ማብራት ነው። መንካት? እሱማ የወንዶች ነው።

መጀመሪያ ጠመንጃውን ከፍተው ጥይት አለመጉረሱን ያያሉ። አይተው አይበቃቸውም፣ በጣታቸው ይዳስሱታል። «ዓይን ይስታል» ይላሉ። ከዚያ የፈላውን ውሃ በአፈሙዙ ያንቆረቁራሉ።

ብረትና ውሃ ጠላት አይደሉም እንዴ? ብለን ስንጠይቅ «ጨውን ዘይት አያወጣውም» ብለው ይዘጉናል። ነገሩ የገባን ካደግን በኋላ አንብበን ነው (አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቀናል፣ ኬሚስትሪ ግን ማናችንም)። የብዙ አሮጌ ጥይቶች እሳት ጫሪ ቅመም ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል፣ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨው ይተዋል። እሱ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ዘይት ብትቀቡት ይሸፍነዋል እንጂ አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውሃ ነው፤ መፍላቱ ደግሞ ብረቱ ግሎ ቶሎ እንዲደርቅ።

ዘይቱም ቢሆን ወግ አለው። ኑግ ቤት ሞልቶ አባባ የስፌት መኪና ዘይት ይገዛሉ። ኑግ ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይይዛላ! የስፌት መኪናውም ቢሆን ጠብታ ብቻ፤ ከበዛ አቧራ ይሰበስባል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰን አዲስ አበባ ውስጥ ፔይንትቦል ልንጫወት የሄድን ቀን ነው። ፔይንትቦል ማለት በታመቀ አየር ቀለም የሞላች ኳስ የሚተፋ ጠመንጃ ይዞ መታኮስ ነው፣ ያውም ከፍሎ። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ 12 ሰዎች የተጫወቱት ሲሆን መሣሪያው የተሠራው ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ ነበር። ለከብት! የዳንግላ ሰው ቢሰማ ኖሮ ቀድሞ ይገዛው ነበር።

እንግዲህ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሚሰማው ተኩስ የሰርግ አይደለም። ቤት ስንደውል ከሰላምታ ቀድሞ የሚወጣን «ዛሬስ ጸጥ ብሏል?» ነው። ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ጧ ሲል ትንሿ እህታችን መሬት ላይ ተኛች። የሌላው ቡድን ልጆች ጥሩ ተዋናይት አገኘን ብለው ሳቁ። እሷ ግን አልተነሳችም። ደግፈን ይዘናት ወጣን።

ውጪ አንድ ልጅ ጠረጴዛ ላይ መሣሪያዎቹን ያጸዳል። የአየር ጋኑን ፈቶ፣ ኳሶቹን አራግፎ፣ ውስጡን አጮልቆ አየ። ትንሿ፣ እስካሁን ዝም ያለችው፣ «በጣትህም እይ» አለችው። ሳቀ፤ ግን ጣቱን ከተተ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ! የኳሷ ቅርፊት ጄላቲን ስለሆነ ቀለሙም ቅርፊቱም በውሃ ይለቃል። ዘይቱ ላይ ግን ከአባባ ተለየ። ውስጡ አየር የሚይዙ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ከነዳጅ የሚሠራ ማንኛውም ቅባት ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል አለን። ለእሱ ብቻ የተሠራ ዘይት አለ፣ አንድ ሁለት ጠብታ።

ትንሿ ጨርቁን ተቀበለችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመ። የከፈልንበት ሰዓት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለቀ፤ ልጁ ሂሳብ ቀነሰልን።

ማታ ለአባባ ደውለን ነገርናቸው። የጎማውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያ «ጥይቱ ቀለም ነው አላችሁኝ?» አሉ፤ «ታዲያ እሱ ለሰርግ አይሆንም?»