«ሰው አለን» ለሚሉሽ ሁሉ

አራዳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ፤

በአንድ ጣራ ሥር እያደርን፣ ከአንድ ማዕድ እየቆረስን ደብዳቤ መጻፌ እንግዳ ነገር ሆኖ እንደሚታይሽ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቃል የሚነገር ምክር በእራት ሰዓት ወሬ መካከል ተበትኖ የሚቀር ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ከምነግርሽ ነገር እኩሌታው አንቺን ሳይሆን እኔንና እናትሽን የሚመለከት ስለ ሆነ፣ በብዕር አሥፍሬ ስሜን ከግርጌው ባኖርበት፣ ነገ ከቃሌ ፈቀቅ ስል አውጥተሽ እንድታሳዪኝ ይጠቅምሻል ብዬ ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተሽ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ትፈተኛለሽ፤ ከዚያው ጎን ለጎንም ወደ ባሕር ማዶ ኮሌጆች ማመልከቻ ለመላክ እንዳሰብሽ ነግረሽናል።

እኛ የአራዳ ሰዎች ከመንግሥት ደጅ አጠገብ የኖርን ነን። ከጊዮርጊስ አደባባይ ተነሥቶ በራስ መኰንን ድልድይ ወርዶ ዳገቱን የወጣ ሰው፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ሚኒስቴርን፣ ጥቂት ከፍ ሲልም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት ተሰጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሆነበትን የስድስት ኪሎ ግቢ ያገኛል። ይህ ቅርበት በረከት ቢሆንም በሰፈራችን አንድ ደዌ አሳድሮብናል፤ እርሱም ማናቸውም ጉዳይ ሲገጥመን ሕጉንና ማስታወቂያውን ከመመልከት አስቀድመን «እዚያ ሰው አለን ወይ?» ብለን መጠየቃችን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቻችን ወደየአቅጣጫው ሲበተኑ ብዙ ነገር አብሮ የጠፋ መስሎን ነበር፤ ይህ ልማድ ግን ከዕቃው ጋር ተጭኖ እስከ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ድረስ በሰላም እንደ ገባ ሰምቻለሁ።

የቀድሞውን ሰው ሁኔታ አስቢ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ከፍ ያለ ትምህርት የሚሻ ወጣት ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ባሕር ለመሻገር የቤተ መንግሥት ፈቃድ፣ ፈቃዱን ለማግኘት አማላጅ፣ አማላጁንም ለማግኘት ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር። በዚህ አኳኋን የተመረጡት ሁሉ የማይገባቸው ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አገርን ያገለገሉ ሊቃውንት ከእነርሱ ወጥተዋልና፤ ነገር ግን ልቡናው ብሩህ ሆኖ ሳለ ደጅ የሚጠናለት ዘመድ በማጣቱ ከአጥቢያው ያልወጣውን ማን ቈጠረው? «ማትሪክ» የተባለው ፈተና በመጣ ጊዜ ትልቁ ጸጋው ይህ ነበር፤ ወረቀቱ የማን ልጅ እንደ ሆንሽ አይጠይቅም፤ የሚያርመውም የአባትሽን ማዕርግ አያይም። በዚህ ሰሞን ፈተና ጭንቀት እንጂ ሀብት መስሎ እንደማይታይሽ አውቃለሁ፤ ሆኖም ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አገር ካለው ጥቂት ሀብት አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ አጤሬራ ይዞ የሚገባ፣ በሌላ ሰው ስም የሚቀመጥ፣ ወይም የጥያቄ ወረቀት የሚገዛ ሰው መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል እንጂ የሚሰርቀው ከዚያ ዘመድ አልባ ልጅ ነው።

ይህ ሀብት በእኛ ዘመን ምን ያህል እንደ ተመዘበረ አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሩብ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ሊፈተኑ በተዘጋጁበት ዕለት የእንግሊዝኛው ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ ስለ ተገኘ ፈተናው ተሰረዘ፤ እንደ ገና የተሰጠውም በሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩረጃው እየረቀቀ ሄደ። በመጨረሻም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው፣ ስልካቸውን ትተው፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ብዙው ወላጅ ፈተናው ከበደ ብሎ አዘነ፤ እኔን ያሳዘኑኝ ግን ከዚያ በፊት የነበሩት ከፍተኛ ውጤቶች ናቸው፤ ልጆቻችንን ያላወቁትን ዐውቃችኋል ብለን አመስግነን፣ ግብዣ ደግሰን፣ ወደማይችሉት ጉዞ የሸኘናቸው በእነዚያ ውጤቶች ነውና።

ይሁን እንጂ የፈተናው ርትዕ ብቻውን ፍትሕ እንዳይመስልሽ። በእነዚያ ዓመታት በያንዳንዱ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም፤ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ሰነፍ ልጅ ብቻ ተሰብስቦ ኖሯል ብሎ የሚያምን ሰው አላጋጠመኝም። አንቺ ቤተ ሙከራ ባለው ትምህርት ቤት ተምረሻል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠኚ ተቀጥሮልሻል፤ መብራት ሲጠፋ የሚበራልሽ ነገር ተገዝቶልሻል። ይህ ነውር አይደለም፤ ወላጅ ያለውን ለልጁ ማውጣቱ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መልካም ውጤት ባገኘሽ ጊዜ ሁሉን በራሴ ትጋት አገኘሁት ብለሽ አትናገሪ፤ ይህም ከሐሰት ወገን ነውና። ይህን ሁሉ ብልጫ ይዘን ሳለ በላዩ ደግሞ ማታለል ብንጨምርበት ምን ስም እንደሚሰጠው እኔ አላውቅም።

በቅርቡ አንድ የማከብረው ሰው ቤታችን መጥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥያቄውን ከነመልሱ አስቀድሞ የሚያወጣ የቴሌግራም ቻናል እንዳለና ገንዘቡን አዋጥተን እንድንከፍል አማከረኝ። እንዲህ ያለው ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የፈጠራ ወረቀት ነው የሚሸጠው ብሎ መመለስ ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ምክንያቱን አልወደድሁትም፤ «ሐሰተኛ ነውና አልገዛም» የሚል ሰው እውነተኛው በመጣ ጊዜ ይገዛልና። ስለዚህ እውነተኛም ቢሆን አልፈልገውም አልሁት። ተቀይሞ ሄደ። አንቺ ከልጁ ጋር ያለሽን ወዳጅነት በዚህ ምክንያት አታቋርጪ፤ ቅያሜው የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው።

በዚህ ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ከእኛ ይበልጣል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓን ሊያስመሰክር የሄደ ደቀ መዝሙር ዜማውን ከመምህሩ ፊት ያሰማል፤ በመምህሩ ጆሮና በእርሱ ጉሮሮ መካከል ሦስተኛ ሰው የሚገባበት ቀዳዳ የለም። የቅኔው ተማሪም የዕለቱን ቅኔ ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ትናንት የተነገረውን፣ ወይም ባልንጀራው የቈጠረውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ ከመምህሩ ተግሣጽ አስቀድሞ የጓደኞቹ ሣቅ ይቀጣዋል። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ ሊገዛ ለሐዋርያት ገንዘብ ባቀረበ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ የገሠጸው ገንዘቡ ስላነሰ አልነበረም፤ ፍትሐ ነገሥታችንም ሢመትን በገንዘብ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ተቀብሎ የሾመውንም ጭምር ይሽራል። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሢመተ ክህነት አይደለም ትይኝ ይሆናል፤ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወንበር ተነሥቶ የሰው ሆድ የሚቀድ ሐኪም፣ ድልድይ የሚያቆም መሐንዲስ የሚወጣ ስለ ሆነ ነገሩ እጅግ የራቀ አይመስለኝም።

ወደ ባሕር ማዶ የምትልኪው ማመልከቻ የባሰ ፈተና አለበት፤ የሚቆጣጠርሽ ፈታኝ የለበትምና። ስለ ራስሽ ድርሰት ጻፊ ይሉሻል። ገንዘብ ተቀብሎ የሚጽፍልሽ ሰው አይታጣም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መሣሪያም ዐይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ድረስ ጽፎ ያስረክብሻል። ሁለቱንም ተዪአቸው፤ የቅኔውን ተማሪ የራሱ ጉድለት እንዳላሳፈረው አንቺንም አያሳፍርሽምና፣ የተሰባበረም ቢሆን የራስሽን ቈጥረሽ አቅርቢ። ደግሞም ፈረንጅ ይራራልኛል ብለሽ ያልተራብሽውን ረኃብ አትጻፊ፤ አንቺ ያደግሽው በቶሞካ ቡና ሽታ እንጂ ከወንዝ ውኃ በመቅዳት አይደለም፤ ያን መከራ በእውነት የተቀበለችው ልጅ እርሷም ማመልከቻ ትልክ ይሆናልና ታሪኳን አትውሰጂባት። እኔም ድርሰትሽን አነባለሁ፤ ያልገባኝን «አልገባኝም» እላለሁ፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን አልጨምርበትም። ለረጅም ዘመን የሰው ጽሕፈት ሳርም የኖርሁ ነኝና እጄ ስለሚያሳክከኝ፣ ወረቀቱን ስትሰጪኝ እርሳሱን ውሰጂብኝ።

ይህ የድኻ አገር ደዌ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአሜሪካ፣ ዊልያም ሲንገር የሚባል የኮሌጅ መግቢያ አማካሪ ከባለጸጋ ወላጆች ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየተቀበለ፣ የአንዳንዶቹን ልጆች የፈተና መልስ እያስተካከለ፣ ሌሎቹንም ተወዳድረው በማያውቁት ስፖርት ተጫዋች አስመስሎ ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስገባ እንደ ኖረ ተገለጠ፤ እርሱም፣ ስመ ጥር የፊልም ተዋንያን የነበሩባቸው ወላጆችም ወኅኒ ወረዱ። እኔን እጅግ ያስደነገጠኝ ከልጆቹ አንዳንዶቹ የተደረገላቸውን ፈጽሞ አለማወቃቸው ነው። አባት ልጁን «አንቺ አትችዪም» ብሎ ሊነግራት አፍሮ፣ ያንኑ ቃል በገንዘቡ ነገራት። አንቺ ሳታውቂ እኔ ያደረግሁልሽ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለው ስድብ መሆኑን ዕወቂ፤ ስለዚህም ስለ አንቺ ወደ ማንም ሰው ስልክ አልደውልም፤ ትምህርት ቤትሽም ትራንስክሪፕትሽን ከፍ አድርጎ እንዲጽፍ አልለምንም፤ መምህርሽ ስለ አንቺ የሚጽፉትን የድጋፍ ደብዳቤም እንዲያሳዩን አንጠይቅም።

የገንዘብ ርዳታ ስትጠይቂ የወላጅን ገቢ የሚመረምር ቅጽ ይመጣል። ጡረታዬንም፣ እናትሽ ከሱቁ የምታገኘውንም፣ ከኋላ ያለውን ክፍል ያከራየንበትንም እንዳለ እጽፋለሁ። ከዚህ የተነሣ ርዳታው ቢያንስ ያነሰው ይነስ።

እናትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንዳትርቂባት ትፈልጋለች፤ የእናት ነገር ነውና አልፈርድባትም። ሚኒስቴሩ በምደባ ጊዜ ለታመሙና ጨቅላ ለሚያጠቡ ልዩ አስተያየት ስለሚያደርግ፣ የሐኪም ማስረጃ አውጪላት የሚሉ መካሪዎች ጆሮዋን ይዘዋታል። ጤነኛ ልጄን በወረቀት አላሳምማትም፤ ጎንደርም ይድረስሽ ጅማ፣ አልጋሽን ጭኜ አደርስሻለሁ። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እዚሁ መቅረት ብትወጂ በዚያ በር ግቢ። ግማሹን ሳታመጪ ብትቀሪም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሬሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆችም አሉ፤ በዚህ ቤት የሚያፍርብሽ ሰው የለም፤ ዘመድ ውጤቱን ሲጠይቀኝ የመጣውን ቍጥር ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግረዋለሁ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ስለ ወረቀቶችሽ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ስምሽ በስምንተኛ ክፍል ካርድሽና በፓስፖርትሽ ላይ በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ተጽፏል፤ የልደት ቀንሽም ከእኛ አቈጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲለወጥ በአንደኛው ላይ ተሳስቷል። ይህን በብዕር የሚያስተካክልልሽ፣ አጋጣሚውንም ይዘን ሁለት ዓመት እንቀንስልሽ የሚልሽ አዋቂ ቢመጣ አትስሚው፤ የተወለድሽበትን ሌሊት እናትሽም እኔም እናውቀዋለን። ትክክለኛው መንገድ ትምህርት ቤቱ በማኅተሙ የማረሚያ ደብዳቤ እንዲጽፍልን ማድረግ ነው፤ ቀናት ይፈጅ ይሆናል። ሰኞ ጧት ወደ ሬጅስትራሩ አብረን እንሄዳለን፤ ኦሪጅናሎቹን እናትሽ ከቁም ሣጥኑ ታወጣልሻለች፤ ከያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ አስነሺ፤ ወረፋው ረጅም ስለ ሆነ ቁርስሽን በልተሽ ተነሺ።

አባትሽ