ድሩፓልን ሳመሰግነውና ሳማርረው

ከጉደር ከተማ ሆኖ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ድሩፓል የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ደግም ክፉም ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እዚህ አካባቢ አንድ ገጽ በኦሮምኛም በአማርኛም ሊቀርብ ይገባል፤ ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ስምንተኛ እትሙ ጀምሮ የብዙ ቋንቋ አሠራሩን አብሮ ይዞ ይመጣል። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕሬስ ላይ ግን ለዚሁ ተጨማሪ ፕለጊን መፈለግ ግድ ነው።

ጣጣውስ? ከሰባተኛው እትም ወደ ስምንተኛው መሻገር ቤት አፍርሶ እንደገና የመሥራት ያህል ነበር። የሰባተኛው ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አብቅቷል። በዚያ ላይ የድሩፓል ፋይሎች እየወረዱ ኔትወርክ ከሄደ ሥራው እዚያው ይቆማል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሱቅ ወይም ለምግብ ቤት ዎርድፕሬስ ይበቃል። ብዙ ክፍልና ሁለት ቋንቋ ላለው መሥሪያ ቤት ድሩፓል ይሻላል፤ ያውም ለሚያድሰው ባለሙያ በጀት ከተያዘ ብቻ። እናንተስ በምን ትሠራላችሁ?