የትኛዋን ዶሮ ልግዛ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ለቤት ሥጋ የሚሆን ዶሮ ስለ መምረጥ ነው። ነገሩን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ተሳስቼ ነው። እናንተ እንዳትሳሳቱ ብዬ እጽፋለሁ።

አገሩ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ደጋ። ፊደል ላስተምር ከዩኒቨርሲቲ የዘመትኩት በመስከረም ነበር። ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ ማታ ማታ ፋኖስ አብርተን እንማራለን። በጥቅምት አንድ ማታ «ዶ» የምትለውን ፊደል አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ «ዶሮ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አነበቡ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«አስተማሪ፣ ማንበቡንስ አነበብን። ለመሆኑ የትኛዋን ዶሮ ብገዛ ይሻለኛል? ልጆቼ ሥጋ የሚቀምሱት በዓመት በዓል ብቻ ነው። ከጓሮዬ አርብቼ ላበላቸው አስቤአለሁ» አሉኝ።

እኔም ቶሎ መለስኩ። «እትዬ፣ የሐበሻዋን ዶሮ ይተዉአት። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ቦቫንስ የምትባለውን ቀይ የውጭ ዘር ይግዙ። እሷ ከ250 በላይ ትጥላለች» አልኳቸው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ትምህርት ቤት ያጠናሁት ነው። ተማሪዎቹም «አቤት! አቤት!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

እኚህ እናት አንዲት ጠቦት ነበረቻቸው። ተሸጣ ለልጃቸው ደብተርና ልብስ ሊገዛባት ታስባ ነበር። በእኔ ቃል አምነው ጠቦቷን ሸጡ። 8 የቦቫንስ ቄቦች ገዙ። ዕድሜአቸው 2 ወር ነበር።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። እነዚያ ቄቦች ከጥሬ ሌላ አያውቁም። የሐበሻዋ ዶሮ ጭራ ትበላለች። ትሉንም፣ ምስጡንም፣ የወደቀውንም እህል ትለቅማለች። እነሱ ግን ጭረው አይጠግቡም። ሲነጋ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰው ይጠብቃሉ። እናትየዋ ከልጆቻቸው ገብስ እየቀነሱ ሰጧቸው።

አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። የሐበሻዋ ዶሮ የጭልፊት ጥላ ስታይ ጮኻ ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች። ይቺ ቆማ አየችው። ሌላዋን ሌሊት ሸለምጥማጥ በላት። በየካቲት ደግሞ ፈንግል መንደሩ ውስጥ ገባ። 3 ቄቦች ሞቱ። የጎረቤት የሐበሻ ዶሮዎችም አልተረፉም።

የቀሩት 3 ዶሮዎች በመጋቢት እንቁላል መጣል ጀመሩ። እናትየዋ 12 እንቁላል አጠራቀሙ። አንዷ ትታቀፋለች ብለው ጠበቁ። አንዷም አልታቀፈችም።

ለፋሲካ አንዷ ታረደች። 12 ብልት ወጥቷት ወጥ ሆነች። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ሥጋዋ ከሐበሻዋ ዶሮ አይበልጥም ነበር። ልጆቹ ወጡን ሲጠባበቁ አየሁ። ጉርሻው አልወርድ አለኝ።

«እትዬ፣ ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ። የጠቦቷን ዋጋ ቀስ ብዬ ልክፈል» አልኳቸው።

«ገንዘብህን ያዝ፤ አንተም ተማሪ ነህ» አሉኝ። «ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ። እኔ ስለ ሥጋ ጠየቅኩህ። አንተ ስለ እንቁላል መለስክልኝ። ምን ታበያታለሽ አላልከኝም። ጓሮዬንም መጥተህ አላየህም።»

አፈርኩ። እውነት ነው፤ አላየሁም። በማግሥቱ ጓሯቸውን አየሁ። የወረዳውን የእንስሳት ባለሙያም አብረን ጠየቅን። ከዚያ በኋላ የተረዳነው እነሆ።

አንደኛ፤ ዶሮዋን የምንፈልጋት ለምንድን ነው? ቦቫንስ የእንቁላል ዘር ናት። አዛውንቶች የሚያውቋት ነጯ ሌግሆርንም እንደዚሁ። ገላቸው ቀላል ነው፤ የሚበሉት ወደ እንቁላል ይሄዳል። ሳሶ የሚባለው ዘር ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል፤ ቶሎ ያድጋል። አውራው ጥሩ መኖ ካገኘ በ4 ወር ገደማ 2 ኪሎ ይደርሳል። ኮኮክ የሚባለው ገብስማ ዶሮ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። እሱም ለሁለቱም ይሆናል። የሆሮ ዶሮ ደግሞ የአገራችን ናት፤ ከወለጋ፣ ከሆሮ የተገኘች። በቢሾፍቱ፣ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የተሻሉት እየተመረጡ ዘሯ ተሻሽሏል።

ሁለተኛ፤ ምን ትበላለች? ትልቅ ዶሮ ብዙ ትበላለች። ፉርሽካ፣ የተከካ እህል፣ የጎመን ቅጠልና ንጹሕ ውኃ በየቀኑ ልንሰጣት እንችላለን ወይ? ካልቻልን ዶሮ አናብዛ። 3 የጠገቡ ዶሮዎች ከ8 የተራቡ ይሻላሉ።

ሦስተኛ፤ ማን ይታቀፋል? ቦቫንስና ሳሶ መታቀፍን የተዉ ናቸው። ያለማቋረጥ እንዲጥሉና ቶሎ እንዲያድጉ ተብለው የተራቡ ስለሆኑ ነው። ደግሞም ከተለያየ ዘር የተዳቀሉ ናቸው። ስለዚህ ጫጩቶቻቸው እንደ እናታቸው አይወጡም። ሁልጊዜ አዲስ መግዛት ይጠይቃሉ። ኮኮክ ግን ገብስማ ከገብስማ ከተራባ ልጁም ገብስማ ነው። የሐበሻዋ ዶሮ ትንሽ ትጥላለች፤ ነገር ግን 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ትጠብቃለች። እኔ «ይተዉአት» ያልኳት እሷን ነበር።

አራተኛ፤ ከበሽታ ማን ይጠብቃታል? ፈንግል የሐበሻ፣ የፈረንጅ ብሎ አይመርጥም። የያዛትን ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው ክትባት ነው፤ እሱም ሳትታመም ሲሰጣት ነው። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይሠራል። በዓይን ጠብታ ወይም በሚጠጡት ውኃ ይሰጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን አያድርም። ስለዚህ አንድ ሰው ለ5 ዶሮ ብቻ ማስከፈቱ ኪሳራ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ያስከትብ። ባለሙያው በሚናገረውም ጊዜ ይድገመው። ከገበያ የመጣችን ዶሮ ደግሞ ከሌሎቹ ሳትቀላቀል 2 ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት ይገባል። ማታም ሸለምጥማጥ የማይገባበት ቤት ያስፈልጋታል።

ታዲያ እኚያ እናት ምን መረጡ? የቀሩትን 2 ቦቫንሶች ለእንቁላል አስቀሩ። ገብስማ አውራና ገብስማ ዶሮዎች ካሉት ሰው 10 የኮኮክ እንቁላል በልዋጭ አመጡ። የገዛ ራሳቸውን የሐበሻ ዶሮ አሳቀፏት። በ21ኛው ቀን 8 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። «ሐበሻዋ ትቀፍ፤ ገብስማው ይሥባ» አሉኝ። እኔ ከሐበሻና ከውጭ አንዱን ይምረጡ ብዬ ነበር። እሳቸው ሁለቱን አገናኙ። በመንደሩም 14 ቤት ተሰብስቦ ዶሮውን አስከተበ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ፣ ቀስ ብለው፣ ራሳቸው አነበቡት። በመጀመሪያው ጽሑፍ «ለዶሮዎቹ ትርፍራፊ ሰጧቸው» ብዬ ነበር። እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ስሕተት ነው» አሉ። «ትርፍራፊ አይደለም የሰጠኋቸው። የልጆቼን ገብስ ነው። አስተካክለው።»

አስተካከልኩት። በጥቅምት «ዶሮ» ብለው ያነበቡ እናት በሰኔ አስተማሪያቸውን አረሙ።

እናንተም ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። ለምን? ምን ትበላለች? ማን ይታቀፋል? ማን ያስከትባል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት። የተማረ ሰው ምክር ሲሰጣችሁም «መጀመሪያ ጓሮዬን ና እይ» በሉት።