ሁለት ጊዜ ተማሪ

ልጆች ሆይ፥ ይህ የምነግራችሁ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሕፃን ሳለሁ በጉንደ ወይን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ ተማርሁ። አስቀድሞ ታላቅ ወንድሜ በቤት ያስተምረኝ ስለ ነበረ ፈጥኜ አነብ ነበር፤ ነገር ግን ተነሽ ሆኖ የሚነበበውን ቃል ወዳቂ አደርገው ነበር። የኔታም ሰምተው፥ «ልጄ፥ ፈጥነህ ታነባለህ፤ ነገር ግን ትስታለህ፤ ከመጀመሪያው ተመለስ» አሉኝ። ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ እንደ ገና ጀመርሁ። አለቀስሁም።

ካደግሁ በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ፤ መኪና መንዳትም ተማርሁ። 18 ዓመት ያህል በክረምት በጎጃም ጥቁር ጭቃ፥ በበጋም በአቧራው ነዳሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያ መንገድ ከደጋው ወደ በረሃው ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነጂው በፍሬን ብቻ ቢታመን ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይሳነዋል፤ ስለዚህ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእኔ ጋር የተሳፈረ ሰው አንድ ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ በዚህም በልቤ እመካ ነበር።

ከዚህም በኋላ ለሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄድሁና ከባለቤቴና ከትንሽቱ ልጄ ጋር በለንደን ተቀመጥሁ። በዚያ አገር ሕግ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ኗሪ ከሆነ ጀምሮ እስከ 12 ወር ድረስ ብቻ በፈቃዱ ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ጀማሪ ተፈትኖ የአገሩን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህን በሰማሁ ጊዜ ተቈጣሁ። «የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው በሜዳ ላይ ይፈተናልን?» አልሁ። ባለቤቴ ፈገግ ብላ ዝም አለች።

አስቀድሞ በኮምፒዩተር 50 ጥያቄ ይቀርባል፤ ለማለፍ 43ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ደግሞም አደጋ ከሩቅ ሲመጣ የሚያሳይ ፊልም እያሳዩ፥ ተፈታኙ ቶሎ አይቶት እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ይህን ሁሉ አለፍሁ። በመንገድ ፈተናው ቀን፥ ሁለት ፍሬን ያለው መኪና ተከራይቼ ቀረብሁ። ፈታኙ በመጀመሪያ 20 ሜትር የራቀ የመኪና ሰሌዳ አስነበበኝ፤ ይህስ ለንባብ ቤት ልጅ ቀላል ነበረ። ፈተናው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ትንንሽ ስሕተት እስከ 15 ድረስ ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስሕተት ግን ይጥላል።

እንግዲህ ስሕተቴን ልንገራችሁ። በኢትዮጵያ መኪና የመንገዱን ቀኝ ይዞ ይሄዳል፤ በእንግሊዝ አገር ግን ግራውን ይዞ ይሄዳል። (አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አልተወለድሁም።) ስለዚህ ወደ አደባባይ ሲገቡ፥ በእኛ አገር መኪና የሚመጣው ከግራ ነው፤ በእነርሱ አገር ከቀኝ ነው። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር። ነገር ግን አደባባዩ ዘንድ በደረስሁ ጊዜ ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዞረ። ግራው ባዶ ነበረ፤ ገባሁ።

ያን ጊዜ ፈታኙ በእርሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠ። መኪናው ቀጥ አለ። ከፊታችን አንድ ክንድ ያህል ርቆ፥ የደብተር ቦርሳ በጀርባው የያዘ ልጅ በብስክሌት አለፈ። ዘወር ብሎ አየኝና ሄደ።

ፈታኙ አልተቈጣኝም፤ «አላለፉም» ብቻ አለኝ። ቤት ስገባ ልጄ ሮጣ መጥታ፥ «አባባ፥ አለፉ?» አለችኝ። እኔም፥ «ፈታኙ ክፉ ሰው ነው» አልኋት።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔን በጨፈንሁ ቍጥር ያ ልጅ ዘወር ብሎ ያየኝ ነበር። ሲነጋ ልጄን ጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ ፈታኙንም በሐሰት እንዳማሁት ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። «እንዳንቺ ይሆናል» አልኋት።

በዚያው ሳምንት የመንዳት አስተማሪ ፈለግሁ። ያገኘኋት በዕድሜ ተማሪዎቼን የምታህል ሴት ነበረች። ወደ አደባባይ በቀረብን ቍጥር «ቀኝ» ብዬ ድምፄን እንዳሰማ አዘዘችኝ። እኔም ጢሜ የሸበተ ሰው እንደ ፊደል ቈጣሪ ልጅ «ቀኝ፥ ቀኝ» እያልሁ በለንደን መንገድ እዞር ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከቶ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከሁለት ወር በኋላ ተፈተንሁና በ4 ትንንሽ ስሕተት አለፍሁ።

ሥራዬን ፈጽሜ ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ ከልጄ ጋር በመኪና ወደ ጉንደ ወይን ጕዞ ጀመርን። በደብረ ማርቆስ ከተማ ወደ አንድ አደባባይ ስንቀርብ ድምፄን አሰምቼ «ቀኝ» አልሁ። ልጄም ክንዴን ያዝ አድርጋ፥ «አባባ፥ እዚህስ ግራ ነው» አለችኝ። መኪናውን አቆምሁ፤ ወደ ግራም አየሁ። ጭድ የጫኑ ሁለት አህዮች ከባለቤታቸው ጋር ቀስ ብለው ያልፉ ነበር። እስኪያልፉ ድረስ ጠበቅናቸው።