የራስ ጥግ በሰው ቤት

ስለ ውስጣዊ ሰላም የሚመክሩ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ አጀማመራቸው አንድ ነው። «ከቤታችሁ አንድ ክፍል ምረጡ» ይላሉ። ከዚያ ሻማው፣ ምንጣፉ፣ ለስለስ ያለው ሙዚቃ ይከተላል። ሮም ያለን ብዙ ሐበሾች ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ እንቀራለን። የምንመርጠው ክፍል የለማ! ቤቱ የሲኞራ፣ የአሠሪያችን፣ ነው።

ይህን የምለው አዳሪ ሆነው አረጋውያን ስለሚጦሩ እህቶቻችን ነው። እዚህ አገር ባዳንቴ ይሏቸዋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ሴቶች በሮም ቤቶች መሥራት ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። እኔም ሠርቼበታለሁና አውቀዋለሁ። ሰው ማንሳቱና ማጠቡ ይለመዳል። የማይለመደው ጆሮን ሥራ ላይ አውሎ መተኛት ነው። ሌሊት ሲኞራ ካሳሉ ትነሺያለሽ፣ ዝም ካሉም «ምነው ዝም አሉ?» ብለሽ ትነሺያለሽ። ቀን ቴሌቪዥኑ እንደ ጮኸ ይውላል። የምትተኚባት ክፍል ከወጥ ቤቱ አጠገብ ናት፤ የካውያ ጠረጴዛውና የክረምቱ ብርድ ልብስም እዚያው ያድራሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጸጥታ ከየት ይመጣል?

አንዲት ጓደኛዬ ከየት እንደሚመጣ አሳይታኛለች። የምትሠራው ፕራቲ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከወጥ ቤቱ ኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የቆመባት ጠባብ በረንዳ አለች። እዚያ አንዲት የፕላስቲክ በርጩማ፣ በቲማቲም ቆርቆሮ የተተከለች ጤና አዳም፣ የተገለበጠ የፍራፍሬ ሣጥን ላይ ደግሞ ሲኒና ውዳሴ ማርያም አሏት። ንብረቷ ይኸው ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሲኞራ ጋደም ሲሉ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። ስልኳን ፍሪጁ ላይ ትታው ነው የምትወጣው። «ይዤው ከወጣሁ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ በረንዳው ላይ ይሰበሰባል» ትላለች።

መጀመሪያ ላይ ሲኞራ እንደ ነቁ ይጣሩ ነበር። መነጽሬ የት ነው? መስኮቱን ማን ከፈተው? ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ? ጓደኛዬ አልተቆጣችም። የሲኞራ ልጅ በመጣችበት ቀን ሦስቱም ወጥ ቤት ተቀምጠው ነገሩን ተነጋገሩበት። ከሰዓት በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ በጣሊያን አቆጣጠር ነው፣ እሷ በረንዳ ላይ ናት። የሚያስቸኩል ነገር ከመጣ ትሰማለች፤ መነጽሩ ግን ይቆያል። ልጅየዋ በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አሁን እንግዳ በዚያ ሰዓት ከመጣ ሲኞራ ራሳቸው «ቆዩ፣ በረንዳዋ ላይ ናት» ይላሉ። ልብ በሉ፤ «በረንዳዋ» ነው የሚሉት። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ በረንዳው የእሷ ሆኗል።

እኔም አንድ ነገር ገባኝ። ጥግ ጥግ የሚሆነው ሌላ ሰው ሲያውቀውና ሲያከብረው ነው። በርጩማና ሲኒ ማንም ያገኛል። ከባዱ ሥራ «በዚህ ሰዓት አትጥሩኝ» ብሎ መናገሩ ነው። ለእኛ ደግሞ ይብስብናል። ሰው ሲጠራ «አቤት» እያልን ነዋ ያደግነው!

የጥንቱ ሮማዊ ፈላስፋ ሴኔካም በዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ጽፏል። ከሕዝብ መታጠቢያ ቤት በላይ ተከራይቶ ሲኖር ክብደት የሚያነሳው ያቃስታል፣ ጸጉር ነቃዩ ይጮኻል፣ የምግብ ሻጩ ይጣራል። አእምሮው የረጋ ሰው ግን ጩኸት አይረብሸውም ብሎ በሰፊው ያስረዳል። ደብዳቤው ሲያልቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? ለማንኛውም ከዚህ ቤት እለቃለሁ አለ። ሴኔካ ሀብታም ነበር፣ መሄጃ አላጣም። እኛ ዘንድ ከቤቱ መልቀቅ ማለት ከሥራውም ከመኝታውም መልቀቅ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያው ቤት ውስጥ መገኘት አለበት።

በዚህ ከተማ በሰው ግቢ ጥግ ይዘን መኖር የጀመርነው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ የእነዚህን ሰዎች ጸሎት ሰምቶ ተማረከ፣ ቋንቋውን ከእነሱ ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ ያ ነው። ኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የግዕዙን አዲስ ኪዳን አዘጋጅቶ በ1548 እና በ1549 አሳተመ። ገዳሙ በኢማም አህመድ ዘመን ጦርነት ተቃጥሏል፣ አገሩ ሩቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከማረፊያቸው አጠገብ አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እየተገነባ ነበር፤ ሥራውን የተረከበው ማይክል አንጄሎ ነው። በዓለም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ የሚጠርበው፣ የሚያነሳው፣ የሚጮኸው ስንት ይሆን? እነሱ በዚያ ጎን ተቀምጠው ፊደል በፊደል ያርሙ ነበር። ግንባታው ያለቀው በ1626 ነው። ጸጥታ እስኪመጣ ቢጠብቁ ኖሮ መጽሐፉ አይወጣም ነበር።

ወደ ፕራቲዋ በረንዳ ልመለስና፣ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ያንን ዕረፍት እንደ ውለታ ነበር የጠየቀችው። ኮንትራቷን በኋላ የሠራተኛ ማኅበር ቢሮ ወስዳ ስታስነብበው መብቷ ሆኖ አገኘችው። የጣሊያን የቤት ሠራተኞች ብሔራዊ የኅብረት ስምምነት ለአዳሪ ሠራተኛ በሳምንት 36 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ 24ቱ እሑድ ነው፣ 12ቱ በስምምነት በሌላ ቀን። በየቀኑ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አለ። የቀኑ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፋፍሎ የሚሠራ ከሆነም በመካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይገባል። አይከፈልበትም እንጂ የራስሽ ጊዜ ነው። ከፈለግሽ ከቤት ወጥተሽ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ትሄጃለሽ።

ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የምንሰበሰበውም በዚሁ የዕረፍት ልማድ ነው። መሰባሰቡ ደስ ይላል፣ እንጀራውም ቡናውም እዚያ አለ። ግን ከቀናት ዝምታ በኋላ ተገናኝተን የምናወራው ስለ ሲኞራዎቻችን ነው! ሥራውን ይዘነው ወጣን ማለት ነው። ስለዚህ ከሳምንቱ ዕረፍት ሌላ በየቀኑ የምትገኝ ትንሽ ጊዜ ታስፈልጋለች።

ምክሬ አጭር ነው። ሻማ ከመግዛታችሁ በፊት ኮንትራታችሁን አውጡ። ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፤ ሠራተኞችን የሚያግዙ ፓትሮናቶ የሚባሉ ቢሮዎች አሉ። ሰዓቱን ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ ሲኞራም የሚያዩት ቦታ ይለጠፍ። አንድ ሳምንት ይከብዳል፤ ይጠሯችኋል፣ ይሉኝታም ይይዛችኋል። ቻሉት። ወንበሩ የትም ይገኛል፤ መጀመሪያ ሰዓቱን አስከብሩ።