ሳይረንና መንጃ ፈቃድ

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር መንገድ ስንሻገር፣ አንድ የፖሊስ መኪና ሳይረኑን እያስጮኸ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። አንዲት ተማሪዬን ለጥቂት ሳታት። አጠገባችን የነበሩ አዛውንት «ለእነርሱ ቅድሚያ አላቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወደ አደጋ የሚጣደፍ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? ለሳይረኑ ወይስ ለሠለጠነው ነጂ?

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥታለች። በአደገኛ አነዳድ የተከሰሰ ፖሊስ የተወሰነውን ሥልጠና ወስዶ ከሆነ፣ የሚመዘነው ተመሳሳይ ሥልጠና ካለው ጠንቃቃና ብቁ ባልደረባው አንጻር ነው። ሥልጠናውን ካልወሰደ ግን እንደ ማንኛውም ነጂ ይዳኛል። እንግዲህ የተለየ ሚዛን የሚገኘው ከደንብ ልብስ ሳይሆን ከሥልጠና ነው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ፖሊስን ጠልቼ አይደለም፤ ሌሊት ቤቴ ቢሰበር የምጠራው እርሱን ነው። ሆኖም ሳይረን መንገድ ያስከፍታል እንጂ ችሎታ አይሰጥም። ሳይረኑን ከማብራቱ በፊት የብቃት ማስረጃውን ልንጠይቀው ይገባል። ተማሪዬ ያን ዕለት ክፍል ገብታ ብዕር መያዝ አቅቷት ነበር።